ሥር፣ ቃልና ሰዓት፦ የዕፀዋት ጥበባችን ለምናባዊ ልብ ወለድ

አስተናግር ሩቅ አገር ተሂዶ የሚፈለግ ተክል አይደለም። በመንገድ ዳር፣ በፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ላይ፣ ፍግ በተከመረበት ጓሮ ሁሉ ይበቅላል። አበባው እንደ መለከት አፉን የከፈተ፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ ነው። ደብተራዎች ዕፀ ፋርስ ይሉታል። አስተናግር ያለው ግን ሕዝቡ ነው፤ የቀመሰው ሰው ከማይታይ ጋር ስለሚነጋገር፣ በልቡ የያዘውንም ሳይወድ ስለሚዘረግፈው። የዘመኑ ሕክምና ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት፣ እነርሱም አእምሮን አናውጠው የሌለውን እንደሚያሳዩ፣ መጠናቸው ሲያልፍም እንደሚገድሉ ያውቃል። ሕዝቡ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ ጨርሶታል፦ ያስተናግራል።

ይህን ተክል ያነሣሁት ስለ ልብ ወለድ ለማውራት ነው። በአማርኛ የራሱን ምናባዊ ዓለም ፈጥሮ፣ በዚያም ዓለም የተፈጥሮን ኃይል የሚያዝዙ ሰዎችን ሊጽፍ የተነሣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፊልምና ከባሕር ማዶ መጻሕፍት ባገኘው ነው፤ ዘንግ፣ የሚንተከተክ ድስት፣ በመጥረጊያ እንጨት የምትበር ጠንቋይ። እንዲህ ያለው ዓለም አንባቢን የሚይዘው ግን ሕግ ሲኖረው ነው። ኃይሉ ከየት ይመጣል? ማን ይይዘዋል? በምን ይረክሳል? ምን ያስከፍላል? ከውጫሌ ተነሥቶ በአምባሰል ተራሮች ሥር ሐይቅ ድረስ የሚሄድ ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሥርዓት በሚኖርበት አገር ውስጥ ያልፋል። ሥርዓቱ የወሎ ብቻ አይደለም፤ ጎጃምም ጎንደርም ሸዋም ይጋራዋል። ወሎ ግን መስጊዱና ደብሩ፣ ቆላውና ደጋው ስለሚቀራረቡበት ብዙው ነገር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይገኝበታል።

በመጀመሪያ ስሞቹን መለየት ያስፈልጋል፤ ጠንቋይ የሚለው ቃል ሁሉንም ጠቅልሎ ይውጣልና። ወጌሻ አጥንት ያቃናል። መድኃኒት አዋቂው ሥርና ቅጠል ያውቃል፤ ሊንቁት ሲፈልጉ ቅጠል በጣሽ፣ ሥር ማሽ ይሉታል። ደብተራው ቅኔና ዜማ ተምሮ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ነው፤ ከመካከላቸው አንዳንዱ ክታብ ይጽፋል፣ ዕፅ ይቀምማል፣ በረዶ ይመልሳል ይባላል። ባለ ዛሯ የሰፈረባትን መንፈስ አስተናግዳ ለሌላው ትጠይቃለች። ሞራ ገላጩ በታረደ በግ ሞራ ላይ የሚመጣውን ያነባል፤ ኮከብ ቆጣሪው በስም ፊደል ያሰላል። መተተኛው ሰውን ለመጉዳት የሚሠራው ነው፤ ማንም ግን መተተኛ ነኝ አይልም፤ ይህን ስም ሁልጊዜ የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። ግእዝ ደግሞ ሐኪሙን ዐቃቤ ሥራይ ይለዋል፤ የመድኃኒት ጠባቂ ማለት ነው። አስማተኛውን መሠርይ ይለዋል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሚያድነውና የሚያስረው አንድ እጅ ሊሆን እንደሚችል ቋንቋው ራሱ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። እንዲህ ካለ ገጸ ባሕርይ የተሻለ መነሻ ለልብ ወለድ ማን ይሰጣል?

የዕፁ ሕግ የሚጀምረው ከመንቀሉ ነው። ተክሉ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ብዙ አዋቂዎች እንደሚሉት ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ጀንበር ሳትወጣ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጡ መሄድ ያስፈልጋል። ነቃዩ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ከሴት ጋር ያደረ ሰው ቢነካው ይረክሳል ይባላል። የነቃዩ ጥላ በተክሉ ላይ እንዳያርፍ የሚጠነቀቁም አሉ። ስሙን ለሌላ መንገር ኃይሉን ያሳጣል፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ከአባት ወደ አንድ ለተመረጠ ልጅ በሹክሹክታ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ልጁ ሳይመረጥ አባት ያርፍና ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ከእነዚህ ሕጎች ለአንዳንዶቹ የተግባር ምክንያት ልንፈልግላቸው እንችላለን። ምስጢሩ ለባለሙያው እንጀራ ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ኃይሉ በዕፁ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዕፁ፣ በሰዓቱና በሰውየው ጠባይ መገናኛ ላይ መቀመጡ። አንዱ ከጎደለ የተነቀለው ተራ ሥር ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን ሐይቅ እስጢፋኖስን ማለፍ አይቻልም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቀናው ይህ ገዳም ከብዙ ሊቃውንት ጋር አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማረ ነው። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበረው፤ የሰዓት ጠባቂ። ማዕረጉ ከአስማት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የንጉሡን ጊዜ የሚጠብቅ ታላቅ ሹመት ነበር። ሆኖም አንዱ ሥራይን፣ ሌላው ሰዓትን የሚጠብቁ ሁለት ሹማምንት ጎን ለጎን የቆሙበትን ምናባዊ መንግሥት ለመሳል ከእነዚህ ሁለት ቃላት በላይ ምን ያስፈልጋል? ሐይቁ ራሱም የራሱ አፈ ታሪክ አለው። አንዲት እመቤት በሌላይቱ ሴት ላይ ግፍ በመሥራቷ በተበደለችው ዙሪያ ያለው ምድር ወደ ውሃ ተለወጠ፤ እርሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደርቆ ቀረ፤ ዛሬ ገዳሙ ያለበት እርሱ ነው ይባላል። ግፍ መልክዓ ምድርን ይለውጣል ማለት ነው። ይህም ሕግ ነው።

ሦስተኛው ነገር ቃል ነው። ክታብ በፍየል ወይም በበግ ብራና ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል። ቁመቱ የባለቤቱን ቁመት እንዲያህል ይደረጋል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። በላዩ አስማት ይጻፍበታል፤ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ጠልሰሞች ይሣሉበታል። ብዙው ክታብ ለሴቶች የተጻፈ ነው፤ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ በጦር የወጋበት ታሪክ ከብዙዎቹ አይጠፋም። መርበብተ ሰሎሞንም አለ፤ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠመደበት የቃል መረብ ነው። ለክታቡ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ብዙ ሰው ይህን ስሙን ለማንም አይናገርም፤ ስሙን የያዘ ሰውየውን ይዞታልና። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጉዊን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የኧርዝሲ መጽሐፍ ጠንቋዮቿ እውነተኛ ስማቸውን ይደብቃሉ፤ ዓለም ስለዚህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያደንቃታል። እናቶቻችን ግን ልጅ ክርስትና ባነሡ ቁጥር ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል።

በእስልምናው ወገንም ቃል ይጠጣል። የቁርኣን አንቀጽ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በውሃ ይታጠብና ውሃው ለበሽተኛው ይሰጣል። የሃይማኖት ሰዎች ይህንንም ክታቡንም ከአስማት ጋር አንድ አድርጎ ማየትን ይቃወማሉ፤ ክታብን ጨርሶ የሚያወግዙም በሁለቱም ወገን ብዙ ናቸው። ጸሐፊ ይህን ክርክር ሊያከብረው ይገባል፤ የሰው እምነት የመድረክ ጌጥ አይደለምና።

የቃልን ጉዳይ ከውጫሌ ሆኖ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ ምድር ላይ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መሥራት እንደሚቻላቸው ይናገር ነበር፤ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚህ የቃል ልዩነት የተነሣው ጠብ ዐድዋ ላይ ደረሰ። ቃል ያስራል፣ ቃል ይፈታል የሚለው እምነት እዚህ አገር ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም።

አውደ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ ለምናባዊ ዓለም ፈጣሪ የተዘጋጀ ይመስላል። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይተመኑና ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይነግራል። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ የእሳት ናቸው። ሰውር፣ ሰንቡላና ጀዲ የመሬት፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ የነፋስ፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት የውሃ። ስሞቹ የዐረብኛ ናቸው፤ ጥበቡ ከባቢሎንና ከግሪክ በዐረቦች በኩል ዞሮ የመጣ ነው። የእሳትና የውሃ ሰዎች ቢጋቡ ምን እንደሚሆን፣ ለየትኛው ኮከብ የትኛው ቀን እንደሚከብድ ይተነትናል። እኔ ኮከብ ይወስነኛል ብዬ አላምንም። የእናት ስም ያልታወቀለት ሰው ግን ኮከብ የለውም ማለት መሆኑን ሳስብ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ይታየኛል፤ እናቱን የማያውቅ፣ ስለዚህም ማንም ሊቆጥረውና ሊያስረው የማይችል ልጅ።

ከቃሉ ወደ ምድሩ ስንመለስ አድባር አለ። ቃሉ በግእዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። በአማርኛ ግን የአገር ጠባቂ መንፈስ፣ መንፈሱም የሚያርፍበት ዋርካ ወይም ሾላ ሆነ። ከሥሩ ቡና ይፈላል፣ ግንዱ ቅቤ ይቀባል፤ ቅርንጫፉን የሚቆርጥ የለም። ዘመናዊ ጥበቃ ሳይመጣ ብዙ አሮጌ ዛፍ ከመጥረቢያ የተረፈው በዚህ ፍርሃት ወይም በደብር ቅጥር ውስጥ በመሆኑ ነው። በወሎ ቦረንትቻም አለ፤ ለከብትና ለልጅ ደኅንነት የሚታረድለት የውሃ ዳር መንፈስ። አቴቴ አለች፤ ከኦሮሞ እናቶች የመጣች፣ የመውለድና የበረከት ባለቤት።

ዛር ደግሞ ሰው ላይ ይሰፍራል። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ተረት እጅግ ያምራል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ የዓይን ነገር ፈርታ ውብ የሆኑትን 15ቱን ደበቀቻቸው። እርሱም የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። ዛሮች የእነዚያ ልጆች ዘር ናቸው ይባላል፤ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ከእኛ ይበልጥ የሚያምሩ፣ ስለ ቀኑ ብርሃንም የሚቀኑብን። ከዚህ ተረት የተነሣ ዛር ጠላት ሆኖ አይባረርም፤ በቡና፣ በዕጣን፣ በዘፈን ይለመናል፣ የሚፈልገው ይጠየቃል፣ ውል ይገባል። የባሕር ማዶው ታሪክ ጋኔንን ያስወጣል። የኛው ዛር ዘመድ ስለሆነ ይታረቃል። ይህ ልዩነት የአንድ ልብ ወለድ አጥንት ሊሆን ይችላል።

የወሎውን ወዳጃ ያየ ሰው ይህን የልመና መንፈስ ሌላ መልክ ለብሶ ያገኘዋል። ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ጫት ይቀርባል፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ አባት ዱዓ ያደርጋሉ፤ ተሰብሳቢው አሚን ይላል። የታመመ፣ የተጣላ፣ ልጅ ያጣ ችግሩን ያቀርባል። ክርስቲያን ጎረቤትም ይቀመጥበታል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ስሙ እንደሚለው ምርቃት ነው። ወዳጃ አስማት አይደለም፤ ጸሎት ነው። ግን ኃይል በአንድ ጠቢብ እጅ ሳይሆን በተሰበሰበ ሰው ድምፅ ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ አሳይ አላውቅም።

በወሎም በሌላውም አገር ገበያ ሥርና ጭስ የሚሸጡ ሴቶች ፊት ቢቆሙ የዚህን ጥበብ ግማሽ ያገኙታል። ወገርት አለ፤ ቤት ሲታጠንበት እባብም ክፉ መንፈስም ይርቃል የሚባልለት። ቀበርቾ፣ ከርቤ፣ አሪቲ፣ አደስ አለ። ለምች ዳማከሴ፣ ለድንገተኛ የሆድ ቁርጠት ስሙ ራሱ ድንገተኛ የሆነው ሥር አለ። ጤና አዳም ከቡና ጋር ይጠጣል፤ ግዛዋ ክፉ መንፈስ ለያዘው ይታጠናል። በሽታውና መንፈሱ፣ ምግቡና መድኃኒቱ በአንድ ጆንያ ላይ ተዘርግተዋል።

ኃይል ሁሉ ዋጋ አለው። በአብነት ትምህርት ቤቶች አብሾ የሚባል ነገር ሲነገር ይኖራል፤ ተማሪ አእምሮው እንዲከፈትለት የሚጠጣው፣ ከዚሁ ከአስተናግር ወገን የሚቀመም። ያሰበው ቢሰምርለት ቅኔው ይጎርፋል፤ መጠጥ የቀመሰ ቀን ግን አብሾው ይነሣበታል፣ ያብዳል ይባላል። ማንም እንዲሞክረው አልመክርም፤ ተክሉ መርዝ ነው፣ የገደለውም ያሳበደውም አለ። በታሪክ ውስጥ ግን ከዚህ የከበደ ውል የለም፤ ዕውቀትን ወስዶ ጤናን ማስያዝ።

የከፋው ዋጋ ግን ጥበቡ በሌሎች ላይ የጫነው ነው። ቡዳ የሚለው ስም ለዘመናት በቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎች፣ በፋቂዎች ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ማረሻውን ቀጥቅጦ የሚሰጠን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል አልን፤ ከእርሱ ጋር አንጋባም፣ ልጃችንን አያይብንም አልን። ብረትንና እሳትን ስለሚያዝ ፈራነው፤ ፍርሃታችንንም ክስ አደረግነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ ሠራተኞች እንዳይሰደቡ እስከማወጅ የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ስላዩ ነው። ቡዳን በልብ ወለዱ ውስጥ ክፉ ፍጡር አድርጎ የሚያስገባ ጸሐፊ ይህን ማወቅ አለበት። እኔ እንደማምነው ይህን ታሪክ ከቀጥቃጩ ልጅ ዓይን መጻፍ ካልቻልን ባንጽፈው ይሻላል።

መንግሥትም ይህን ኃይል ሲፈራውና ሲያሳድደው ኖሯል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን በአምባሰል ግሸን እንዳስቀመጡ ትውፊቱ ይናገራል፤ መስከረም 21 እስከ ዛሬ ሕዝብ ወደዚያ የመስቀል ቅርጽ አምባ የሚተመው ለዚህ ነው። እኚሁ ንጉሥ ደስክና ዲኖ የተባሉትን አምልኮዎች ያሳደዱ፣ ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የመካድ ቃል በእጁ ላይ እንዲጽፍ ያዘዙ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው መሠርያን ይመቀኙኛል ብለው ካህናት ቤተ መንግሥታቸውን ቀንና ሌሊት ጠበል እንዲረጩ አድርገዋል። በጥበብ ላይ የዘመተ፣ ግን በጥበቡ ኃይል ከማንም በላይ የሚያምን ንጉሥ፤ ምናባዊ ዓለም ፈልጎ የማያገኘው ገጸ ባሕርይ ነው።

ሳይንስ ከዚህ ጥበብ ጋር ሲገናኝ ሁሉንም አላፈረሰም። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ከተቅማጥ የፈወሰው ዋጊኖስ የተባለ ተክል ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ይባላል፤ ስሙ የታማሚው ሆነ፣ መድኃኒቱን ያሳየው ሰው ስም ግን አልተሰጠውም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነውና ከዚያ ምልከታ የተነሣው ጥናት ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋትን የመዘገበው ታላቅ ሥራም ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ተካሂዶ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዓይነቶችን አስፍሯል። አዲስ ዓለም የሚፈጥር ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ የዕፅ መዝገብ አያገኝም።

የሚያሳዝነው ጥበቡን በጽሑፍ ያስቀሩት በብዛት የውጭ ሰዎች መሆናቸው ነው። ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ላይ ያየውን ዛር በ1958 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። ስቴፋን ስትሬልሲን የዕፅ መጻሕፍቱን ተረጎመ፤ ዣክ መርሲዬ ክታቦቹን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጥንቶ አንድን ደብተራ ስለ ራሱ እንዲናገር አደረገ። ሥራቸው ክቡር ነው፤ አብዛኛው ግን በፈረንሳይኛ ነው።

በልብ ወለዱ በኩል መንገዱ ተከፍቷል። ይስማዕከ ወርቁ በ2002 ዓ.ም. ዴርቶጋዳን ሲያወጣ የአማርኛ አንባቢ ለምስጢርና ለምናብ ምን ያህል እንደተራበ ታየ። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እመጓንና ተከታዮቹን ሲጽፍ ደግሞ ገዳምና ተፈጥሮ የልብ ወለድ ሞተር መሆን እንደሚችሉ አሳየ። ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፏ ንሲቢዲ የተባለውን ጥንታዊ ጽሕፈት የአስማት ቋንቋ አደረገችው፤ ቶሚ አዴየሚ በ2018 እ.ኤ.አ. የዮሩባን አማልክት ይዛ መጣች፤ ዓለምም አነበባቸው። በሃሪ ፖተር ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ሲነቀል የሚጮኸው ማንድሬክ እንኳ ራሔልና ልያ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 የተደራደሩበት ተክል ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንኮይ ብሎ ተርጉሞታል። ማንድሬክ የአስተናግር ዘመድ ነው፤ የእምቧይና የድንችም ወገን ነው። ጠንቋዮቻቸው የሚነቅሉት ሥር ከጓሯችን ሥር ጋር ይዛመዳል።

አሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ የአባት ወይም የአያት የመድኃኒት ደብተር አለ፤ በቀይና በጥቁር የተጻፈ፣ ዳሩ የተበላ። ልጆቹ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው ሲይዙ የሰይጣን ነው ብለው ያቃጥሉታል፤ ወይም ለቱሪስት ይሸጡታል። አታቃጥሉት፣ አትሽጡት። የምትፈሩትን ገጽ አትክፈቱት፤ ግን ደብተሩን ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ አድርሱት፣ ገጾቹም ፎቶ ይነሡ። መድኃኒት አዋቂ አባት ያላችሁ፣ ስሙን መንገር ኃይሉን ያሳጣል ካሉ አክብሩላቸው፤ ለማን ሊነግሩት እንደሚፈቅዱ ግን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።